ከለገሃር እስከ ጅቡቲ፦ የባቡር ጣቢያ ስም ከየት እንደመጣ እንዴት ይጠናል?

ለገሃር፣ ለገጣፎ፣ ለገዳዲ። ሦስቱን አከታትላችሁ ስትጠሯቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። አይደሉም። ለገጣፎና ለገዳዲ ላይ ያለው «ለገ» የኦሮምኛው «ለጋ» ነው፣ ወንዝ ማለት። ለገሃር ግን ከወንዝ ጋር ዝምድና የለውም። ባቡሩን የሠሩት ፈረንሳዮች አዲስ አበባ ያለውን ጣቢያ «ላ ጋር» ይሉት ነበር፣ «ጣቢያው» እንደማለት፤ ከተሜው ቃሉን ለአፉ እንዲመቸው አድርጎ አበጀውና ለገሃር ሆኖ ቀረ። ስለዚህ «ለገሃር ጣቢያ» ስንል «ጣቢያ ጣቢያ» እያልን ነው።

ይህችን ሳያውቅ በኦሮምኛው ብቻ የተነሳ ሰው «ለገ»ን ወንዝ ብሎ ይተረጉምና «ሃር» የሚባል ወንዝ ፍለጋ ይወጣል። ያገኛልም! የሚፈልጉትን ማግኘት ቀላል ነው፣ በተለይ በስም ጉዳይ። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ምክር አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ «ምን ማለት ነው?» የሚለውን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ጠይቁ። መጀመሪያ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ቦታው ላይ ምን አለ፣ ሰፈሩ የማን ነው የሚሉትን ጨርሱ። ትርጉሙ ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

የማወራው ስለ አሮጌው የአዲስ አበባና ጅቡቲ መስመር ነው፣ ጠባቡ የአንድ ሜትር ሐዲድ። አዲሱን ወደ መጨረሻ እነካዋለሁ።

ጣቢያዎቹን ደርድሩ

ወረቀት አውጡና ጣቢያዎቹን በተርታ ጻፉ። ትንንሾቹን ማቆሚያዎች ትተን ከአዲስ አበባ ስንነሳ፦ ለገሃር፣ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ወለንጪቲ፣ መተሃራ፣ አዋሽ፣ አርባ፣ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ ሙሉ፣ አፍደም፣ ጎታ፣ ኤረር፣ ሁርሶ፣ ድሬዳዋ፣ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ። ድንበሩን ስንሻገር ገሊሌ፣ አሊ ሳቢህ፣ ዳስቢዮ፣ ሆልሆል፣ ሸበሌ፣ ከዚያ ጅቡቲ ወደብ።

አሁን ገልብጡት። ከጅቡቲ ጀምራችሁ ወደ ላይ ጻፉት። ምክንያቱም ሐዲዱ የመጣው በዚያ በኩል ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 እ.ኤ.አ. ነው (ሌላ ካላልኩ በዚህ ጽሑፍ ዓመቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)፤ ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀመረ፣ ድሬዳዋ በ1902 መጨረሻ ደረሰ። ከዚያ ገንዘብ አለቀና ኩባንያው ከሰረ፣ በ1908 የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር የሚባለው ሌላ ኩባንያ ተተካ፣ አዲስ አበባ የተገባው በ1917 ነው። ወደ 784 ኪሎሜትር ለመጨረስ ሃያ ዓመት።

ይህ ለስም አጥኚ ትልቅ ነገር ነው። ጅቡቲ በኩል ያለው ጣቢያና አቃቂ በኩል ያለው ጣቢያ በሃያ ዓመት ይራራቃሉ፤ ስም የጻፈው ኩባንያ ሌላ፣ መንገድ የመራው ሰው ሌላ፣ ቋንቋውም ሌላ ነው። ሁሉንም በአንድ ቁልፍ እከፍታለሁ ያለ ሰው ሚኤሶ ላይ ሲደርስ ቁልፉ ይሰበርበታል። የድሮው የመስመሩ ኪሎሜትርም ከጅቡቲ ነው የሚቆጠረው፣ ድሬዳዋ ወደ 310ኛው አካባቢ ናት። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ይህን ቁጥር ጻፉለት። በኋላ ሁለት ተመሳሳይ ስሞች ሲምታቱባችሁ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

አጻጻፉን ሰብስቡ

እያንዳንዱ ስም ስንት ዓይነት እንደተጻፈ ልቅም አድርጋችሁ መዝግቡ። የድሮ ቲኬት፣ የጊዜ ሰሌዳ፣ የጭነት ወረቀት፣ ካርታ፣ ፖስታ ካርድ፣ ጣቢያው ግንብ ላይ የቀረ ጽሑፍ፣ ያገኛችሁትን ሁሉ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) እና ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቢጀምር ጥሩ ነው። ድሬዳዋ ያለ ደግሞ የባቡሩ ግቢ አጠገቡ ነው።

ወረቀቱን ዓመት ባይጻፍበትም መገመት ይቻላል። የፍራንኮ ኢትዮጵያ ስም ካለበት ከ1908 ወዲህ ነው። የጅቡቲ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር የሚል ከሆነ ግን ከ1981 ወዲህ የታተመ ነው፣ ኩባንያው ስሙን የቀየረው ያኔ ነውና። በዚህ ብቻ ብዙ ወረቀት ቦታ ቦታውን ይይዛል።

አሁን ሰው የሚደናበርበት ቦታ ላይ ደረስን። ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ አንድ ዓይነት ፊደል ይዘው የተለያየ ድምፅ ያሰማሉ። «ሲ» እና «ኤች» የሚባሉትን ፊደላት ጎን ለጎን ብታገኙ ፈረንሳይኛ ላይ «ሽ» ናቸው። ሽንሌ በፈረንሳይ ካርታ ላይ በእነሱ ነው የሚጀምረው፣ ሸበሌም እንደዚሁ። ካርታው ከ1936 እስከ 1941 ጣሊያኖች የሠሩት ከሆነ ግን እነዚሁ ሁለት ፊደላት «ክ» ይሆናሉ። ስለዚህ የጣሊያኑን አቃቂ በፈረንሳይ ዓይን ያነበበ ሰው «አካሺ» የሚባል የጠፋ ጣቢያ አግኝቻለሁ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ጣሊያን «ሽ»ን የሚጽፈው በ«ኤስ» እና «ሲ» ነው፣ አዋሽ መጨረሻው ላይ፣ ቢሾፍቱ መሃሉ ላይ እንዲህ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ሞጆ ደግሞ በፈረንሳይኛ በ«ዲ» እና «ጄ»፣ በጣሊያንኛ በሁለት «ጂ» ነው።

አይሻም ሌላ ነገር አለበት። በፈረንሳይኛ ሲጻፍ ከሴት ስም ጋር አንድ ይሆናል። ከዚያ «አይሻ የምትባል ሴት እዚህ ሻይ ትሸጥ ነበር» የሚል ወሬ መውለድ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አስቡት። አጻጻፍ መመሳሰሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በአካባቢው ሰው አፍ እንዴት እንደሚጠራ ሳትሰሙ ምንም አትደምድሙ።

የእኛም ፊደል ጉድ አለው። የግዕዙ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም፣ የአናባቢ እርዝመትም አይለይም። ኦሮምኛና ሶማልኛ ላይ ደግሞ ትርጉም የሚቀየረው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ስሙን በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ እና በሶማልኛው የላቲን አጻጻፍም ፈልጉት። ሶማልኛ በላቲን መጻፍ የጀመረው በ1972 ነው፣ ቁቤም በይፋ ሥራ ላይ የዋለው ከ1991 ወዲህ ነው፣ ስለዚህ ለአሮጌ ወረቀት አይጠቅሟችሁም። ለድምፁ ግን ከማንም በላይ ይጠቅሟችኋል።

ዓመተ ምሕረቱን ነገር እንዳትረሱት። የኩባንያው ወረቀት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ አዛውንቱ የሚነግሯችሁ በእኛ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1895 ነው። ይህን ቁጥር «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ከመዘገባችሁት ባቡሩ ሥራው ሳይጀመር ሁለት ዓመት ቀድሞ ድሬዳዋ ገባ ማለት ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው።

መሬቱን እዩ

የእንፋሎት ባቡር ውኃ ጠጪ ነው። ውኃ በሌለበት ጣቢያ ብታቆሙት አይሄድም። ስለዚህ አሮጌ መስመር ላይ የጣቢያ ስም ስታጠኑ መጀመሪያ የሚታሰበው ውኃ ነው፦ ወንዝ፣ ጉድጓድ፣ ምንጭ፣ ሐይቅ። አቃቂ፣ ሞጆ፣ አዋሽ፣ ኤረር፣ እነዚህ የወንዝ ስሞች ናቸው፣ ወንዙ ቀድሞ ስሙን ያገኘ፣ ጣቢያው ኋላ የተዋሰ። እነሱ ላይ ጥያቄያችሁ «ጣቢያው ለምን አዋሽ ተባለ?» በሚለው ያበቃል። «ወንዙ ለምን አዋሽ ተባለ?» የሚለው ሌላ ሥራ ነው፣ አትቀላቅሉት።

ጅቡቲ በኩል ዳስቢዮን ተመልከቱ። «ቢዮ» በሶማልኛ ውኃ ነው። የስሙ ጭራ ላይ ውኃ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ያንን ደረቅ አገር ለሚያውቅ ሰው ለምን ስም ለመሆን እንደበቃ አይጠፋውም።

ቀጥሎ ተራራ። አሰቦት ጣቢያው ሜዳ ላይ ነው፣ ስሙ ግን የተራራው ነው፣ ደብረ ወገግ አሰቦት ሥላሴ ገዳም ያለበት። አፍደምም ተራራ አለው። የተራራ ስም ያለው ጣቢያ ስታገኙ ጣቢያው የቆመበት መሬት የራሱ ሌላ ስም ሊኖረው እንደሚችል አስቡ፣ ያ ስም አሁን ምናልባት የአንድ ሰፈር ወይም የአንድ ጉድጓድ ስም ሆኖ ተደብቆ ይሆናል። እሱን ማግኘት ከዋናው ስም የበለጠ ደስ ይላል፣ ለእኔ ቢያንስ።

ከዚያ ዛፉና እንስሳው። አዳማን ብዙዎች «አዳሚ» ከሚለው የኦሮምኛ ቃል ጋር ያያይዙታል፣ ቁልቋል ማለት ነው። አዳምን የሚያመጣም አይጠፋም፤ እሱን በትህትና አዳምጡና እለፉ። ሽንሌ ላይ «ሺኒ» በሶማልኛ ንብ ነው፣ «ሌ» ደግሞ «ያለው፣ ያለበት» የሚል ጭራ። ንብ ያለበት። ሸበሌን ውሰዱ፣ «ሸቤል» ነብር ነው፣ እዚያም ያው «ሌ» አለ፤ ዋቢ ሸበሌን ያሰባችሁ ልክ ናችሁ። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ባለው መስመር ላይ ይህ «ሌ» ሲደጋገም ታያላችሁ፦ ሽንሌ፣ ደወሌ፣ ገሊሌ፣ ሸበሌ። እንዲህ ዓይነት ተደጋጋሚ ጭራ ስታገኙ ስሞቹን ለየብቻ አታጥኗቸው፣ አንድ ላይ አስቀምጧቸው። አንዱ የሌላውን ያስረዳል። ግን ጭራው ስለተመሳሰለ ብቻ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ነው ብላችሁ አትማሉ፣ ለገሃርን አስታውሱ።

የአማርኛ ጆሮ

መስመሩ ላይ አርባ አለ፣ ሙሉ አለ፣ ጎታ አለ። አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እነዚህን ሲሰማ ወዲያው ይደሰታል። አርባ ቁጥር ነው፣ ሙሉ የሞላ ነው፣ ጎታ የእህል ማስቀመጫ ነው። ተረቱም ይቀጥላል፦ አርባ ሠራተኛ፣ ባቡሩ ሙሉ ሆኖ የተነሳበት፣ እህል የሚከማችበት።

ቆም በሉ። እነዚህ ቦታዎች የኦሮሞ፣ የሶማሌና የአፋር አርብቶ አደር አገር ናቸው። ማንም እዚያ ሜዳ ላይ ግመሉን እየነዳ በአማርኛ ስም አያወጣም። «አርባ» በኦሮምኛ ዝሆን ነው። በቃ፣ የአርባው ቁጥር ተረት እዚህ ላይ ወገቡ ተቆረጠ፤ ሙሉ በሙሉ ሞቷል አልልም፣ ግን ከአሁን በኋላ ማስረጃ ማምጣት ያለበት ቁጥር ነው የሚለው ሰው ነው።

እዚሁ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የባቡሩ አርባና አዋሽ አርባ የሚባለው ከተማ አንድ ቦታ አይደሉም፣ አዋሽ አርባ በአፋር በኩል ወደ ላይ በሚሄደው የመኪና መንገድ ላይ ነው። የአንዱን ታሪክ ለሌላው እንዳታለብሱት። የመዘገባችሁት ኪሎሜትር እዚህ ይጠቅማችኋል።

አዋሽ ሰባት ኪሎን ዓይነት ቁጥር ያለበት ስም ሲያጋጥማችሁም ደስ ይበላችሁ፣ ምክንያቱም ቁጥር ሊለካ ይችላል። «ሰባት ኪሎሜትር ነው» ላላችሁ ሰው ሁሉ «ከምን እስከ ምን?» በሉት። መነሻውን ከነገራችሁ ካርታ አውጥታችሁ ለኩ። ካልነገራችሁ ጉዳዩ ክፍት ሆኖ ይቆይ።

ሰው መጠየቅ

ይህ ሁሉ ከወረቀት ነው። ጥሩው ነገር ያለው ሰው ዘንድ ነው፣ በተለይ የምድር ባቡር ጡረተኞች ዘንድ። ድሬዳዋ ላይ አሁንም ፈረንሳይኛ የሚያወሩ አዛውንቶች አሉ፣ የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበርና። የፉርጎ ሠራተኛ፣ ትኬት ቆራጭ፣ ሐዲድ ጠጋኝ፣ እነዚህ ሰዎች ጣቢያዎቹን በተራ እንደ ዳዊት ይደግሟቸዋል።

አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። «አባባ፣ ሙሉ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ትልቅ ሰው እንግዳን ባዶ እጁን አይመልስምና የሆነ መልስ ይሰጧችኋል። መልሱ ግን እዚያው እናንተ ፊት የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ሥራ ሲጀምሩ ይህን ቦታ ሰው ምን ብሎ ይጠራው ነበር?» «ጣቢያውና መንደሩ አንድ ስም ነበራቸው?» «ከብት ውኃ የሚያጠጡት የት ነበር?» «የዚያ ኮረብታ ስሙ ማነው?» «ይህን ከማን ሰሙት?» የመጨረሻዋን አትተዋት። ከአያታቸው የሰሙትና ባለፈው ዓመት ከሬዲዮ የሰሙት እኩል አይደሉም።

መልስ በአፋቸው አታስቀምጡ። «ዝሆን ማለት ነው አይደል?» ካላችሁ «አዎ» ይሏችኋል፣ ለእናንተ ሲሉ። ሁለተኛ ሰው ስትጠይቁ የመጀመሪያው የነገራችሁን አታንሱ። ከተቻለ የጣቢያው ሰው ሳይሆን የመንደሩን ሰው፣ የመንደሩን ሰው ብቻ ሳይሆን ከብት ጠባቂውንም ጠይቁ። ሴቶችንም፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት እነሱ ናቸው፣ ውኃ የሚቀዳበትን ቦታ ስም ግን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ድምፁን ቅዱ፣ ከፈቀዱ። ስሙን ሦስት ጊዜ እንዲጠሩላችሁ አድርጉ፣ አንዴ ብቻውን፣ አንዴ «ወደ እገሌ ሄድኩ» በሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ አንዴ በፍጥነት። በራሳቸው ቋንቋ ይጥሩላችሁ እንጂ ለእናንተ ብለው ወደ አማርኛ አያጥፉት።

ሁለት ወይ ሦስት መልስ ሲመጣ

ድሬዳዋን እንውሰድ። መጀመሪያ ጣቢያው ሲቆም የተሰጠው ስም አዲስ ሐረር ነበር። ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው፣ ተራራው አላሳልፍ አለ፣ ታች ሜዳው ላይ ቆመና አዲስ ሐረር ተባለ። ስሙ ከላይ የመጣ ነው፣ አልያዘም። ሰው በአፉ የያዘው ድሬዳዋን ነው።

ታዲያ ድሬዳዋ ምንድን ነው? ኦሮምኛ የሚናገር «ድሬ» ሜዳ ነው ይላችኋል፣ «ዳዋ»ን ደግሞ ከመድኃኒት ጋር የሚያያይዙት አሉ። ሶማልኛ የሚናገር «ድር» የጎሳው አባት ጦሩን የተከለበት ቦታ ነው ይላችኋል። ባዶ ሜዳ ነው የሚሉም አሉ። ሁሉም በሙሉ ልብ ነው የሚናገሩት።

ዳኛ አትሁኑ። ግን ጠያቂ ሁኑ። ዛሬ በኦሮምኛም በሶማልኛም የከተማዋ ስም ሲጻፍ ሁለተኛው ክፍል የሚጀምረው በ«ደ» ሳይሆን በ«ዸ» ነው፣ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ በሚወጣው ድምፅ። አማርኛ ይህ ድምፅ ስለሌለው «ዳዋ» ብለን አለሰለስነው። ስለዚህ የትኛውንም ትርጉም ለሚሰጣችሁ ሰው «ያንን ቃል ብቻውን ሲሉት በ‹ደ› ነው በ‹ዸ›?» በሉት። አንዳንዱ ትርጉም ይህችን ጥያቄ ይሻገራል፣ አንዳንዱ እዚያው ይቀራል። የማንም ወገን ሳትሆኑ የምትሠሩት ሥራ ይህ ነው።

ለማስታወሻችሁ ሦስት ሳጥን አብጁ፦ የተረጋገጠ፣ የሚመስል፣ ተረት። ተረቱን አትጣሉት። የጦሩ ታሪክ ቦታው የማን ነው ብሎ ማን እንደሚያስብ ይነግራችኋል፣ ይህም ራሱን የቻለ መረጃ ነው። ችግር የሚመጣው ተረቱ ወደ አንደኛው ሳጥን ሲገባ ብቻ ነው።

አንድ ካርድ እንዴት እንደሚሞላ በመተሃራ ላሳያችሁ። ስም፦ መተሃራ። አጻጻፍ፦ በየወረቀቱ ያገኛችሁት ሁሉ ከነዓመቱ። ሰፈሩ፦ የከረዩ ኦሮሞ አገር። መሬቱ፦ ፈንታሌ ተራራ፣ አጠገቡ በሰቃ ሐይቅ። የሚሰጠው ትርጉም፦ «መታ» ራስ፣ «ሀራ» ሐይቅ፣ የሐይቅ ራስ። ደስ ይላል፣ ሐይቁም አለ፣ ካርዱን ልትዘጉት ትችላላችሁ። አትዝጉት። በሰቃ የዛሬው መጠኑ የድሮው አይደለም፤ ከ1960ዎቹ በፊት ወደ ሦስት ካሬ ኪሎሜትር ነበር፣ አሁን ከአርባ በላይ ሆኗል፣ መንገዱንና ሐዲዱን ሁሉ አስቸግሯል። ስለዚህ ዛሬ ከጣቢያው ቆማችሁ የምታዩት ሐይቅ ስሙ ሲወጣ የነበረው ሐይቅ አይደለም። የድሮ ካርታ አውጥታችሁ ትንሹ ሐይቅ የት እንደነበር እዩ፣ «ራስ» የሚባለው በየትኛው በኩል እንደሆነ ጠይቁ። እስከዚያ ሳጥኑ «የሚመስል» ነው።

«ሀራ»ን ከ«ሆራ» ጋርም አታምታቱ። ሆራ ጨዋማ ውኃ ነው፣ ከብት የሚወስዱበት፤ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲን ያስቡ። ቢሾፍቱን ራሷን «ቢሻን» ከሚለው፣ ከውኃ ጋር የሚያያይዟት ብዙ ናቸው፤ ያን ሁሉ ሐይቅ ታቅፋ ተቀምጣ ማን ይከራከራቸዋል። ሳጥኑ ግን ያው ነው፣ «የሚመስል»።

ስም ሲቀየር

ቢሾፍቱ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ደብረ ዘይት ተብላለች፣ አዳማም በንጉሡ ዘመን ናዝሬት ሆነች። ሁለቱም ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጡ ናቸው። በኋላ የቀድሞ ስማቸው ተመልሷል፣ ሆኖም አሁንም ታክሲ ተራ ላይ «ናዝሬት፣ ናዝሬት» ሲባል ትሰማላችሁ። ይህ ለእናንተ የጊዜ ምልክት ነው፣ ግን በአንድ በኩል ብቻ። ወረቀቱ ላይ ናዝሬት ካለ ከስም ለውጡ በኋላ ነው። አዳማ ካለ ግን ከለውጡ በፊት ወይም ከተመለሰ በኋላ ሊሆን ይችላል፣ በእሱ ብቻ ዓመት አትገምቱ።

እንዲህ ዓይነቱን ስም የአመጣጥ ጥናት ውስጥ አንድ ላይ አትጨፍልቁት። «ናዝሬት ምን ማለት ነው» የሚለው ጥያቄ ስለ ቦታው ምንም አይነግራችሁም፤ «ማን፣ መቼ፣ ለምን ቀየረው» የሚለው ነው የሚነግራችሁ። ለእያንዳንዱ ስም የራሱን ካርድ ስጡት፣ ቦታው አንድ ቢሆንም።

አዲሱ መስመር

ሰፊው ሐዲድ፣ የኤሌክትሪኩ፣ የኢትዮጵያው ክፍል በ2016 እ.ኤ.አ. ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ብዙዎቹን የድሮ ስሞች ይዟል፦ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ሚኤሶ፣ ድሬዳዋ፣ አዲጋላ። ጣቢያዎቹ ግን ከከተማ ወጣ ብለው ነው የተሠሩት። ስሙ አንድ ሆኖ ቦታው ሌላ ነው። ካርዱ ላይ «አሮጌ» ወይም «አዲስ» የምትል ቃል ከሌለች የነገ አንባቢ መተሃራን እንደፈተናችሁት በመሬቱ ሊፈትን ሄዶ የተሳሳተ ሜዳ ላይ ይቆማል።

አዲስ ስሞችም ይዞ መጥቷል፣ ለቡ፣ እንዶዴ፣ ጅቡቲ በኩል ነጋድ። እንዶዴ ላይ ሥራ ለመጀመር ለምትፈልጉ ፍንጭ ልስጣችሁ፦ በኦሮምኛ «ሀንዶዴ» እንዶድ ነው፣ ያ ልብስ የሚታጠብበት ተክል። አዳማ በቁልቋል፣ ይህኛው በእንዶድ። በአካባቢው እንዶድ ይበቅል እንደነበር የሚያስታውስ ገበሬ ወይም እናት አሁንም በሕይወት ይገኛሉና ፈጠን በሉ፣ መቅጃችሁንም ቻርጅ አድርጉ።